የጆሮውን በር የጠበቀ ሰው፤ የሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ሕይወት

ሰው ቤት ሲሠራ በርና መዝጊያ ያበጃል፤ ሌባ እንዳይገባበት አውሬም እንዳይደፍረው ማታ ማታ መዝጊያውን ይዘጋል። ዳሩ ግን ይኸው ጥንቁቅ ሰው የጆሮውን በር ሌሊትና ቀን ክፍት አድርጎ ይተዋል። በዚያ በር የገባው ወሬ ልቡን ቢያውከው፥ እንቅልፉን ቢነሣው፥ ጸሎቱንም ቢያስረሳው፥ ሁከቱ ከወዴት እንደ መጣበት አይመረምርም። በሐዋርያት ሥራ 17ኛ ምዕራፍ ቅዱስ ሉቃስ የአቴናን ሰዎች ጠባይ ሲነግረን፥ ቀናቸውን ሁሉ በአዲስ ወሬ ይጨርሱ እንደ ነበር ይገልጻል። እንዲህ ያለ ሰው ግን በአቴና ብቻ አልነበረም፤ በየዘመኑና በየከተማው ይገኛል።

ስለዚህ ነገር እጅግ ያሰበ፥ ያሰበውንም በገዛ ኑሮው የፈተነ አንድ ሰው በአሜሪካ አገር ነበረ። ስሙ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ ይባላል። ይህ ሰው ቄስ ወይም ሰባኪ አልነበረም፤ እንዲያውም በጎልማሳነቱ በትውልድ ከተማው ቤተ ክርስቲያን አባልነት እንዳይቈጠር በጽሑፍ ጠይቆ ነበር። ስለዚህ የሃይማኖት መምህር አድርገን አናቀርበውም። ነገር ግን ንብ ማርዋን ከልዩ ልዩ አበባ እንድትሰበስብ፥ አስተዋይ ሰውም ከየሰው ኑሮ የሚጠቅመውን ይወስዳልና፥ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እንጽፋለን። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ቶሮ በጁላይ 12 ቀን 1817 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ኮንኮርድ ከትልቁ ከተማ ከቦስተን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። አባቱ የመጻፊያ እርሳስ እየሠራ የሚሸጥ ትሑት ሰው ነበረ፤ እናቱና እኅቶቹም ባሮች ነፃ እንዲወጡ ከሚደክሙት የከተማይቱ ሴቶች ማኅበር ጋር የተባበሩ ነበሩ። ቤተ ሰቡ ባለጸጋ ባይሆንም ልጁን ወደ ሃርቫርድ ኮሌጅ ላከው፤ እርሱም የግሪክንና የላቲንን ቋንቋ ተምሮ በ1837 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ ትምህርቱን ፈጸመ።

ከዚያ በኋላ በኮንኮርድ የሕዝብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ነገር ግን ሕፃናቱን እየገረፈ እንዲቀጣ የትምህርት ቤቱ ሹሞች ባስገደዱት ጊዜ ኅሊናው አልፈቀደለትም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ አስተምሮ ሥራውን ለቀቀ። ቀጥሎም ከታላቅ ወንድሙ ከጆን ጋር የግል ትምህርት ቤት ከፈተ። ሁለቱ ወንድማማቾች ልጆቹን ወደ ሜዳና ወደ ወንዝ እየወሰዱ አበባውንና ወፉን እያሳዩ ያስተምሩ ነበር። ደግሞም ቶሮ በአባቱ የእርሳስ ሥራ ገብቶ፥ የእርሳሱን ማዕድን ከሸክላ አፈር ጋር የማዋሐድን ብልኃት አሻሻለ፤ ስለዚህም የቶሮ ቤት እርሳስ በአሜሪካ ከተሠሩት ሁሉ የተሻለ ሆነ። ቶሮ ሥራ ፈት ወይም ሕልመኛ ብቻ እንዳልነበረ አንባቢ ከዚህ ይረዳል። በኋላም የመሬት ቀያሽ ሆኖ በሥራው ትክክለኛነት የተመሰገነ ሆነ።

በዚያው በ1837 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ያየውንና ያሰበውን ቀን በቀን የሚጽፍበትን መዝገብ ጀመረ። ይህንንም ሥራ እስከ 1861 ዓ.ም. ድረስ 24 ዓመት ሙሉ አላቋረጠም፤ መዝገቡም ሁለት ሚሊዮን ቃል ያህል ሆነ። ሌላው ሰው ማለዳ ተነሥቶ በሩቅ አገር ምን እንደ ተደረገ ሲጠይቅ፥ እርሱ በገዛ ሜዳውና በገዛ ልቡ ምን እንደ ተደረገ ይጠይቅ ነበር።

የቶሮን አሳብ ለመረዳት የዘመኑን ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። እርሱ ተማሪ ሳለ ጋዜጣ የነጋዴዎችና የባለሥልጣኖች ዕቃ ነበረ፤ የአንዱ ቅጠል ዋጋ 6 ሳንቲም ያህል ስለ ነበር ድኻ አይገዛውም ነበር። በ1833 ዓ.ም. ግን በኒው ዮርክ ከተማ ሰን የሚባል ጋዜጣ በአንድ ሳንቲም መሸጥ ጀመረ። የጋዜጣውም ትርፍ ከዋጋው ሳይሆን ከማስታወቂያ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ አንባቢ በበዛ መጠን ጥቅሙ ይበዛ ነበር። ስለዚህ አዘጋጆቹ ሰውን የሚጠቅመውን ብቻ ሳይሆን ሰውን የሚስበውን ይፈልጉ ጀመር፤ የነፍሰ ገዳዮች ታሪክ፥ የፍርድ ቤት ነውር፥ እሳትና የመርከብ ስብራት የየቀኑ ምግብ ሆነ።

በ1835 ዓ.ም. በኦገስት ወር ይኸው ጋዜጣ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር አወጣ። ጆን ኸርሸል የሚባለው ታላቁ የከዋክብት ተመራማሪ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ሆኖ በአዲስ መነጽር ጨረቃን ሲመለከት፥ እንደ ሌሊት ወፍ ክንፍ ያላቸውን ሰዎች አየ ብሎ በተከታታይ ጻፈ። ሕዝቡም ጋዜጣውን ለመግዛት ተጋፋ። ኸርሸል በዚያ አገር መኖሩ እውነት ነበረ፤ የቀረው ግን ሁሉ ፈጠራ ነበረ። ሐሰቱም ከታወቀ በኋላ ጋዜጣው ገዢዎቹን አላጣም። ከዚህ እንደምናየው፥ የወሬ ገበያ ውሸት በመገለጡ ብቻ አይከስርም፤ ገዢው እውነትን ሳይሆን አዲስ ነገርን ሽቶ ከመጣ፥ ነገም ተመልሶ ይመጣልና።

በ1844 ዓ.ም. ሁለት ታላላቅ ነገሮች ሆኑ። በሜይ ወር ሳሙኤል ሞርስ ከዋሽንግተን እስከ ባልቲሞር በተዘረጋ ሽቦ የመጀመሪያውን የቴሌግራፍ መልእክት አስተላለፈ። በዚያው ዓመት የምድር ባቡር ወደ ኮንኮርድ ደረሰ። ከሁለት ዓመት በኋላም የኒው ዮርክ ጋዜጦች ወሬ በኅብረት የሚቀበሉበትን አሶሺዬትድ ፕሬስ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ቀድሞ በሳምንት የሚደርስ ወሬ በሰዓት ይደርስ ጀመር። ሰዎችም ወሬው በመፍጠኑ የበለጡ ጥበበኞች የሆኑ መሰላቸው።

ቶሮ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት በቤቱ መራራ ነገር ደርሶበት ነበር። በ1842 ዓ.ም. መጀመሪያ ወንድሙ ጆን ምላጭ ሲስል ጣቱን ጥቂት ቈረጠው። ቍስሉ ትንሽ ስለ ነበረ ማንም አላሰበበትም፤ ነገር ግን መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ያዘውና በጃንዋሪ 11 ቀን በሄንሪ እቅፍ ሞተ። ቶሮ በኀዘን ብዛት እርሱ ራሱ ያ በሽታ የያዘው መስሎ እስኪታይ ድረስ ታመመ። ሕይወት እንዲህ አጭርና ተሰባሪ ከሆነች በምን ላይ ልትውል ይገባታል የሚለው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ከእርሱ አልራቀም።

ከኮንኮርድ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል በሚያስኬድ ስፍራ ዎልደን የሚባል ትንሽ ሐይቅ አለ። ወዳጁ ኤመርሰን የሚባለው ታላቅ ደራሲ በዚያ መሬት ነበረውና እንዲቀመጥበት ፈቀደለት። ቶሮም በ1845 ዓ.ም. ዛፍ ቈርጦ፥ አሮጌ ሳንቃ ገዝቶ፥ ወርዷ 10 ጫማ ርዝመቷ 15 ጫማ የሆነች አንዲት ክፍል ብቻ ያላት ቤት በገዛ እጁ ሠራ። ለቤቲቱ ያወጣው ገንዘብ 28 ዶላር ከ12 ሳንቲም ተኩል ነበረ። በጁላይ 4 ቀን ገባባት፤ እስከ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1847 ዓ.ም. ድረስም ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ኖረባት። አንድ ሄክታር ያህል መሬት አርሶ አብዛኛውን ባቄላ ዘራበት፤ ማለዳ በሐይቁ ይታጠባል፤ ይሠራል፤ ያነባል፤ ይጽፋል። የባቡሩ ሐዲድ በሐይቁ ዳር ያልፍ ስለ ነበር፥ የዓለም ጩኸት ፈጽሞ የራቀው አይደለም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰው እንደ ባሕታዊ አትቍጠረው። በቤቱ ሦስት ወንበሮች ነበሩት፤ እንግዳ ይቀበላል፤ ወደ ወላጆቹም ቤት እየሄደ ይበላ ነበር። ደግሞም በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ወደ ከተማ ወርዶ የሰዎችን ወሬ ይሰማ እንደ ነበር ራሱ ሳይደብቅ ጽፎአል። ወሬ በጥቂቱ ሲወሰድ እንደ መድኃኒት ጠብታ ነው፤ ሲበዛ ግን ሰውን ያደነዝዛል የሚል አሳብ ነበረው። ስለዚህ ከእርሱ የምንማረው ጆሮን መድፈንን ሳይሆን መመጠንን ነው።

በዚያ በሐይቁ ዳር ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ለትምህርታችን እጅግ ይጠቅማል። የአገሩ ሰዎች ዎልደን መጨረሻ የለውም፥ ቢወርዱበት ወለል አይገኝለትም እያሉ ለብዙ ዘመን ያወሩ ነበር። አባት ለልጅ ነገረ፤ ልጅም ለልጁ ነገረ፤ ነገር ግን ለመለካት የደከመ አልነበረም። ቶሮ በ1846 ዓ.ም. መጀመሪያ ሐይቁ በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ፥ በበረዶው ላይ ቆሞ ድንጋይ የታሰረበት የዓሣ ማጥመጃ ገመድ አወረደ። ከመቶ በሚበልጡ ስፍራዎች ለካ፤ የሐይቁም ጥልቀት 102 ጫማ ሆኖ ተገኘ። በኋላ ዘመን በአዲስ መሣሪያ የለኩ ሰዎችም ልኩ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። የብዙ ዘመን ወሬ አንድ ገመድና አንድ ድንጋይ ይዞ በተነሣ ሰው ፊት ወደቀ። የእኛም አባቶች ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ያሉት ስለዚህ ነው።

ከዚህ ኑሮ የተነሣ ቶሮ ስለ ወሬ አንድ ጽኑ አሳብ ያዘ። አንድ ቤት ተቃጠለ፥ አንድ ሰው ተገደለ፥ አንድ መርከብ ተሰበረ የሚለውን አንድ ጊዜ የሰማ ሰው የዚህን ዓይነት ወሬ ጠባይ ዐውቆአል፤ ስሙንና ስፍራውን እየለወጠ ሺህ ጊዜ ቢሰማው ዕውቀት አይጨምርለትም ይል ነበር። በቴሌግራፍ ሁለት አገሮች ሲገናኙም የሚነጋገሩት ቁም ነገር እንዳላቸው አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል የሚል አሳብ ነበረው። የመልእክተኛው ፍጥነት የመልእክቱን ክብር አይጨምርምና። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ የሰው አእምሮ እንደ መቅደስ ንጹሕ ሆኖ መጠበቅ ሲገባው፥ የአደባባይ መተላለፊያ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ የገባ ከንቱ ነገር በቀላሉ አይወጣምና፥ አስቀድሞ በሩን መጠበቅ ይሻላል ብሎ አሰበ።

አሁን ግን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። ከወሬ የሚሸሽ ሰው ከባልንጀራው ጩኸት የሚሸሽ አይደለምን? ድኻ ሲበደል፥ ባሪያ ሲገረፍ፥ አገር በጦርነት ሲታመስ፥ በሐይቅ ዳር ተቀምጦ ወፍ መቍጠር ራስን መውደድ አይደለምን? ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በቀላሉም ልናልፈው አይገባም። መልሱን ከቶሮ ቃል ሳይሆን ከሥራው እንፈልግ።

በ1846 ዓ.ም. አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት ጀመረች። ጋዜጦች የድሉን ወሬ በየቀኑ ያወጡ ነበር፤ ብዙ ሰውም ያነብና ይከራከር ነበር። ቶሮ ይህ ጦርነት የባርነትን አገር የሚያሰፋ መሆኑን አመነ፤ አስቀድሞም ባርነትን ለሚደግፍ መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብር አልከፍልም ካለ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። በጁላይ ወር ከዎልደን ወደ ከተማ ሲወርድ ተይዞ ታሰረ። በማግሥቱ ሌላ ሰው ግብሩን ስለ ከፈለለት ከእስር ወጣ፤ እርሱ ግን በመፈታቱ አልተደሰተም። እንግዲህ አስተውል፤ ወሬውን ቀን በቀን ያነቡት በቤታቸው አደሩ፤ ወሬ የሚመጥነው ሰው ግን በወኅኒ አደረ።

በ1850 ዓ.ም. ደግሞ ከጌታው የሸሸ ባሪያ በየትም አገር ቢገኝ ተይዞ እንዲመለስ የሚያዝ ብርቱ ሕግ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በኦክቶበር ወር አንድ ከቨርጂኒያ የሸሸ ሰው ወደ ቶሮ ቤተ ሰብ መጣ። በቤታቸው አስቀመጡት፤ ለመንገዱም ገንዘብ ተሰበሰበለት፤ ቶሮም ወደ ካናዳ እንዲሻገር በባቡር አሳፈረው። ይህንን ነገር ማንም ጋዜጣ አላወጣውም፤ ሊያወጣውም አይገባም ነበር። ምሥራቹ የደረሰው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ነፃነቱን ያገኘው ሰው ነው።

በሜይ ወር 1854 ዓ.ም. አንቶኒ በርንስ የሚባል ከባርነት የሸሸ ሰው በቦስተን ተያዘ። ፍርድ ቤቱ ለጌታው እንዲመለስ ፈረደ፤ በጁን 2 ቀንም ብዙ ሺህ ሕዝብ እያዘነ በመንገድ ቆሞ ሲያይ በወታደር ተከቦ ወደ መርከብ ተወሰደ። ይህ ወሬ ቶሮን አስጨነቀው፤ በዱር መመላለሱ እንኳ ጣዕም አጣበት። ይህን ስሜት እንደ ድካም ቈጥሮ አልሸሸገውም፤ ወሬው እውነተኛ ሸክም መሆኑን ተረድቶ ተሸከመው። በጁላይ 4 ቀን በፍራሚንግሃም በተደረገው የፀረ ባርነት ስብሰባ ቆሞ ብርቱ ንግግር አደረገ፤ ያን ክፉ ሕግ የሚደግፉትንም የቦስተን ጋዜጦች በግልጥ ወቀሰ። ከባሮች ጎን የቆሙትን ጥቂቶቹን ጋዜጦች ግን አመሰገነ። በርንስም በሚቀጥለው ዓመት በጎ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዝተውት ነፃ ወጣ።

በዚያው በ1854 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር ቶሮ በፕሮቪደንስ ከተማ አዲስ ትምህርት ለሕዝብ አሰማ። የትምህርቱንም ርእስ ከጌታችን ቃል ወሰደው፤ ይኸውም ሰው ዓለምን ሁሉ አትርፎ ነፍሱን ቢያጐድል ስለሚያገኘው ጥቅም በቅዱስ ማርቆስ ወንጌል 8ኛ ምዕራፍ የተጻፈው ጥያቄ ነው። ጋዜጣን በማብዛት ስለሚጠፋው አእምሮ አጥብቆ የተናገረው በዚህ ትምህርት ነው። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ ለበርንስ የጮኸው አፍና ስለ ወሬ መመጠን ያስጠነቀቀው አፍ አንድ ነው። በሁለቱ መካከል ጠብ የለም። ልቡን ከከንቱ ወሬ ስለ ጠበቀ፥ የሚያስጮኸው ወሬ በመጣ ጊዜ የሚጮህበት ኃይል ቀርቶለት ነበር። በየቀኑ መቶ ኀዘን የሚሰማ ሰው ግን አንዱንም ማዘን ይሳነዋል፤ ልቡ እንደ ብዙ ሰው መንገድ ተረግጦ ይደርቃልና፥ ዘር አይበቅልበትም።

በጎ ሳምራዊውን አስብ። እርሱ በኢያሪኮ መንገድ ስለ ተደበደቡት ሰዎች ሁሉ ወሬ የሰበሰበ አልነበረም፤ በፊቱ የወደቀውን አንዱን አየ፤ ቀረበ፤ ቍስሉንም አሠረ። ካህኑና ሌዋዊውም አይተውት ነበርና፥ የጐደላቸው ወሬ አልነበረም።

ቶሮ ለገዛ ስሙ ስለሚወራው ነገርም በዚሁ ልክ የረጋ ነበረ። በ1849 ዓ.ም. የመጀመሪያ መጽሐፉ አንድ ሺህ ሆኖ ታተመ፤ ገዢ ግን አጣ። ከአራት ዓመት በኋላ አሳታሚው ያልተሸጡትን 706 መጻሕፍት መለሰለት፤ እርሱም ወደ ሰገነቱ ተሸክሞ አወጣቸውና፥ አብዛኛውን ራሱ የጻፈው ታላቅ የመጻሕፍት ቤት አለኝ ብሎ ቀለደ። በዚያው ማታም ብዕሩን አንሥቶ ጻፈ። ዎልደን የተባለውንም ሁለተኛ መጽሐፉን ለማሳተም አልቸኰለም፤ ሰባት ጊዜ ያህል እየጻፈና እያረመ በ1854 ዓ.ም. አወጣው።

ሆኖም በዚህ ሰው ነቀፋ የለበትም ልንል አንችልም። ንግግሩ አንዳንድ ጊዜ እንደ ምላጭ ይቈርጥ ነበር፤ ጋዜጠኞችንም ሁሉ ባንድነት ሲነቅፍ ልክ ያለፈበት ጊዜ አለ። ኒው ዮርክ ትሪቢዩን የሚባለውን ታላቅ ጋዜጣ ያቋቋመው ሆራስ ግሪሊ ወዳጁ ነበረ፤ ድርሰቶቹን ለመጽሔቶች እያቀረበ፥ ዋጋውንም እያስከፈለ ብዙ ረድቶታል። ደግሞም ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን በ1831 ዓ.ም. የመሠረተው ሊበሬተር የተባለው ጋዜጣ የባሮችን ዕንባ ለሕዝብ ባያሰማ፥ ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ባልነቃም ነበር። ስለዚህ ጋዜጣ በራሱ ክፉ ነው አንልም። እሳት በምድጃ ውስጥ ሳለ እንጀራ ይጋግራል፤ ከምድጃው ሲወጣ ቤት ያቃጥላል።

በ1859 ዓ.ም. በኦክቶበር ወር ጆን ብራውን የሚባል ሰው ባሮችን ነፃ አወጣለሁ ብሎ በሃርፐርስ ፌሪ ያለውን የመንግሥት የጦር መሣሪያ ቤት በኃይል ያዘ፤ ተማርኮም በዲሴምበር 2 ቀን ተሰቀለ። በብራውን እጅ ስለ ፈሰሰው ደም ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዚያን ጊዜ ቶሮ ያገኘውን ጋዜጣ ሁሉ ሳምንት ያህል አነበበ። አዘጋጆቹ ብራውን ለምን እንደ ተነሣ ሳይመረምሩ እብድ ብለው ማለፋቸው አስቈጣው። ጥቂት ሰዎች ብቻ ለብራውን ሊናገሩ በደፈሩበት ጊዜ፥ በኦክቶበር 30 ቀን በኮንኮርድ ሕዝቡን ሰብስቦ ተናገረ። ጋዜጣን የሚመጥን ሰው ጋዜጣን ማንበብ የሚገባበትን ቀን ያውቅ ነበር፤ ካነበበም በኋላ ተነሥቶ የሚገባ የመሰለውን አደረገ።

በ1860 ዓ.ም. በዲሴምበር ወር በብርድና በዝናብ ወጥቶ የዛፍ ግንዶችን ዕድሜ ሲቈጥር ጉንፋን ያዘው፤ ያም በሳንባው ላይ ወደ ነበረው የነቀርሳ በሽታ ተለወጠ። በሚቀጥለው ዓመት ለጤናው ብሎ እስከ ሚኔሶታ ተጓዘ፤ ነገር ግን አልዳነም። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጀምሮ ነበርና፥ አገሩ ሁሉ በየሰዓቱ የጦር ወሬ ይጠባበቅ ነበር። ቶሮ በአልጋው ላይ ሆኖ፥ ታናሽ እኅቱ ሶፊያ እየረዳችው፥ የቀሩትን ጽሑፎቹን አዘጋጀ። ከእነርሱም አንዱ ያ ከወንጌል ርእሱን የወሰደው ትምህርት ነበረ፤ ርእሱ ተለውጦ ከሞተ በኋላ በ1863 ዓ.ም. ታተመ። በሜይ 6 ቀን 1862 ዓ.ም. በ44 ዓመቱ በሰላም ዐረፈ፤ በተወለደባትም ከተማ ተቀበረ።

ከሞተ በኋላ ስለ ግብሩ የጻፈው ድርሰት ባሕር ተሻግሮ ሄደ። ማኅተማ ጋንዲ በደቡብ አፍሪካ ሳለ አነበበው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግም በተማሪነቱ አነበበው። ሁለቱም ያለ ሰይፍ ስለ ፍትሕ ሲታገሉ ከዚያ ድርሰት ብርታት አግኝተዋል።

ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቅ ሌላ ፍሬ አለ። ቶሮ በየዓመቱ በኮንኮርድ ዱር እየዞረ እያንዳንዱ አበባ በየትኛው ቀን እንደ ፈነዳ ይጽፍ ነበር። ጎረቤቶቹ ሲያዩት ከንቱ ድካም ይመስላቸው ነበር። በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግን የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያን መዝገብ አውጥተው ከዘመናቸው አበባ ጋር አስተያዩት፤ ብዙ የታወቁ አበቦች ከቶሮ ዘመን ይልቅ አንድ ሳምንት ያህል ቀድመው እንደሚፈነዱ አገኙ። በዚህም የምድር አየር እየሞቀ መሄዱ ተመሰከረ። ስለ ጨረቃ ክንፋም ሰዎች የጻፈው ጋዜጣ ዛሬ መሳቂያ ብቻ ሆኖ ይጠራል፤ አንድ ጸጥ ያለ ሰው በእግሩ ዞሮ በዓይኑ አይቶ የጻፈው ግን ከ150 ዓመት በኋላ ለዓለም ሁሉ የሚጠቅም ወሬ ሆነ።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ታሪክ ለገዛ ኑሮህ ተርጕመው። በቶሮ ዘመን ወሬ በባቡርና በሽቦ ይመጣ ነበር፤ ዛሬ ግን በኪስህ በያዝኸው ስልክ ከአልጋህ ሳትነሣ ይደርስሃል። ያን ጊዜ ጋዜጣው ያልቅና ይታጠፍ ነበር፤ የዛሬው ወሬ ግን መጨረሻ የለውም። ጸሎትህን ሳታደርስ፥ ለቤተ ሰብህም እንዴት አደራችሁ ሳትል ከሩቅ አገር ጩኸት ጋር ብትነጋገር፥ ቀንህን የጀመርኸው በራስህ ፈቃድ ሳይሆን በሌላ ሰው ፈቃድ ነው። ስለዚህ ለወሬ ሰዓት ወስንለት፤ ማለዳህንና የመኝታህን ሰዓት ግን አትስጠው።

ክፉ ወሬ በሰማህም ጊዜ ሦስት ነገር ራስህን ጠይቅ። እውነት መሆኑን የለካው ማን ነው? እጄስ ምን ሊያደርግበት ይችላል? ዝም ብል የሚጐዳ ሰው አለን? ዘመዶችህ ጦርነት ወይም ረኀብ ባለበት አገር ቢኖሩ፥ ወሬያቸውን መጠየቅ ግዴታህ ነው፤ ይህ ፍቅር ነው እንጂ ከንቱነት አይደለም። የሚጸለይለት ከሆነ ጸልይ፤ የሚረዳ ከሆነ እርዳ፤ የሚመሰከርለት ከሆነ ሳትፈራ መስክር። ከነዚህ አንዱም የማይሆንለት ወሬ ከሆነ ግን፥ በልብህ ቤት አታሳድረው፤ ሳትለካውም ወደ ባልንጀራህ አታስተላልፈው።

በጆሮህ በር ላይ ዘበኛ አቁም እንጂ በሩን ፈጽመህ አትድፈነው፤ የተበደለ ሰው መጥቶ ሊያንኳኳ ይችላልና። ዘበኛው ከንቱውን ወሬ ከመለሰልህ፥ ያ የተበደለው ሲመጣ ቤትህን ባዶና ጸጥ ያለ አድርጎ ያገኘዋል፤ አንተም ድምፁን ሰምተህ ለመነሣት ኃይል ይኖርሃል። እግዚአብሔር የሚሰማ ጆሮና የሚሠራ እጅ ለሁላችን ይስጠን። አሜን።